ታከር ውስጥ የሠራነው ዋሻ

ያን ቀን ስምንት ነበርን። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ዘነበች፣ አትላንታ ዳውንታውን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ የሚያጥቡ። ጋሽ መርዕድ፣ ባለታክሲው፤ መንገድ የማይጠፋቸው፣ ቢጠፋቸውም የማያምኑ። ተክሌ፣ የእትዬ ዘነበች የእህት ልጅ፣ ከእኔ ጋር አንድ አፓርትመንት የሚኖር፣ አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ። ሰናይት፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ረዳት ነርስ የነበረች፤ ከመካከላችን ጴንጤ እሷ ብቻ ነበረች። ማኑ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ታከር ውስጥ የጨርቅ መጋዘን የነበረው ሕንዳዊ፣ የተክሌና የእኔ አሠሪ። ኡሻ፣ የማኑ ሚስት። የማኑ እናት፣ ልጃቸው «ባ» ስለሚላቸው እኛም «ባ» የምንላቸው፤ በቋንቋቸው «እማዬ» እንደማለት ነው። ስምንተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ወጣት፣ ንግግር የማላበዛ፣ አናጢነትና ልስን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት የተማርኩ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የወጥ ቤት ድንጋይ ነው። ባለፈው ወር ልጄ ለገዛችው ቤት ግራናይት ለመምረጥ ታከር ወዳለ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ሕንጻው ከውጭ ሌላ መልክ ይዟል፤ ግንባሩ መስታወት ሆኗል፣ በሩ ላይ በማሰሮ የተተከሉ አበቦች አሉ። ውስጥ ስገባ ግን ወለሉን አወቅሁት። ሲሚንቶው ላይ ከሌላው ጠቆር ያለ ጥጋን አለ። ከጥጋኑ በላይ በግድግዳው ላይ፣ አንገታቸው የተቆረጠ ብሎኖች በተርታ ይታያሉ፤ ቀለም ተቀብተውም ይለያሉ። ብሎኖቹን ግድግዳው ውስጥ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ።

«አባዬ፣ የቱን ወደድከው?» አለችኝ ልጄ።

«እዚህ ጋ ዋሻ ነበረ» አልኳት።

«ዌት፣ ዋሻ? ታከር ውስጥ? ሪል ዋሻ?»

«ሪል እንኳ አይደለም» አልኩ። ካልኩት በኋላ ግን ትክክለኛ መልስ አልመሰለኝም።

ያኔ ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች ነበር። ከመጋዘኑ ማዶ ሁለት ቁራጭ የተጠበሰ ዶሮ ከብስኩት ጋር በዶላር ከሩብ ይሸጥ ነበር፤ ሻጯ ሴትዮ ተክሌ ካሳቃት ሦስተኛ ቁራጭ ትጨምርለታለች። ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነበረን፤ ምንጣፉ የቀድሞውን ተከራይ ሲጋራ ይሸታል። እትዬ ዘነበች በሱዳን በኩል ዞረው ሲመጡ አንዱን መኝታ ለእሳቸው ለቀቅን፣ ሌላውን አንድ የሥራ ፈረቃው ከእኛ ጋር የማይገጥም ሰው ስለተከራየው ተክሌና እኔ ሳሎን ተኛን። ሶፋው መንገድ ዳር ተጥሎ ያገኘነው፣ ቡናማ ኮርዶሮይ ጨርቅ የለበሰ ነበር። ካፖርቶቻችን ሁሉ በምጽዋት የተሰጡን ስለነበሩ እጅጌያቸው ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል። ተክሌ ግን በመጀመሪያ ደመወዙ ትከሻው ላይ ማሰሪያ ያለው ግራጫ ጃኬት ገዝቶ በሐምሌ ሙቀትም አላወልቅ አለ። የጋሽ መርዕድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ካሴት ነበረች። ከካሴት ወደ ካሴት ስትገለበጥ ኖራ ሽ የሚለው ጫጫታዋ ከዘፋኙ ድምፅ በልጦ ነበር፤ ክራሩ ከዝናብ ወዲያ የሚመታ ይመስላል። ያ ዘፈን ዛሬ ጥርት ብሎ ስልኬ ውስጥ አለ። ዝናቡ የለበትም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ዝናቡን ጨምሬ ነው የምሰማው።

የማኑ መጋዘን ከሎውረንስቪል ሀይዌይ ገባ ብሎ ነበር። የምናወርደው የሞቴል መጋረጃ፣ የአልጋ ልብስና በጥቅል የመጣ የሳሪ ጨርቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ባ ቢሮው ውስጥ፣ ማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ቀጭን፣ ትንሽ፣ ሁልጊዜ ነጭ የጥጥ ሳሪ የለበሱ፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ጫማ። እትዬ ዘነበች ኦፍ በሚሆኑበት ቀን ምሳ ይዘውልን ሲመጡ አጠገባቸው ይቀመጡና አንድ ትሪ ምስር በመካከላቸው አድርገው ይለቅማሉ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አንዷ ጠጠር ስታገኝ ለሌላዋ ታሳያለች፤ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የባን ስለት የነገረን ማኑ ነው። እነሱም እንደኛ ስደተኞች ናቸው፤ ከኡጋንዳ፣ ከካምፓላ ነው የመጡት። ሕንዶች ሁሉ ውጡ በተባለበት ጊዜ ኬላ ላይ ወታደሮች ማኑን ከመኪና አውርደው ወሰዱት። ባ መንገዱ ዳር ተቀምጠው ተሳሉ፤ ልጄ በሕይወት ከተመለሰልኝ በሰሜን ሕንድ ተራራ ላይ «እናቲቱ» ወደሚሏት አምላክ ዋሻ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ አሉ። ማኑ በማግስቱ ጫማውን ተገፎ ተመለሰ። ከዚያ መጠለያ፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ አትላንታ፤ ሥራ፣ ዕዳ፣ የልጅ ልጅ፤ ዓመታቱ ሄዱ። አሁን ደግሞ ልባቸው ታሞ ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሏቸዋል።

«ስለት ያለባት ሴት ናት ለካ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ የሰሙ ዕለት ማታ። «ለዚህ ነዋ ምስሩን እንደዚያ አድርጋ የምትለቅመው። ሳትከፍል ብትሞትስ?»

«የእነሱ አምላክ እኮ ሌላ ነው፣ እትዬ» አለ ተክሌ።

«አምላኩ ሌላ ይሁን። ፍርሃቱ ያው ነው።»

ማኑ መላ የመታው በብርዱ ወራት ነው። እናቱ ወደ ዋሻው መሄድ ካልቻሉ ዋሻውን ወደ እሳቸው ሊያመጣ አሰበ። የመጋዘኑን የኋላ ጥግ በጨርቅ ጥቅሎች ጋርደን፣ ከሥራ በኋላ እኔና ተክሌ መገንባት ጀመርን። ባ ሙሽራ ሳሉ ከባላቸው ጋር አንዴ ሄደው አይተውታል፤ ስለዚህ ማወቅ የምፈልገውን ሁሉ ማኑ እራት ላይ እንደዋዛ ይጠይቅልኝ ነበር። አፉ ምን ያህል ዝቅ ይላል? በደረት ተስቦ ነው የሚገባው። ወለሉስ? ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይፈሳል። መጨረሻው ላይ ምን አለ? ምስል የለም፤ ከአንድ አለት የበቀሉ ሦስት ድንጋዮች ብቻ። አጽሙን ከእንጨት አቆምኩ፣ በዶሮ ቤት ሽቦ አለበስኩት፣ ሽቦውን በሲሚንቶ በተነከረ ጆንያ ሸፈንን። ቀለሙ አስቸገረኝ። ከሱቅ የገዛሁት ግራጫ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ይመስላል። በመጨረሻ የተንተከተከ ሻይና የከሰል ዱቄት ቀላቅዬ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ያረጀ አለት መሰለ። ውሃው በዓሣ ገንዳ ፓምፕ ይዞራል። ተክሌ በየምሽቱ ውስጡ ገብቶ ይዘፍን ነበር፤ ድምፁ የሚያምርበት ቦታ አገኘሁ ይላል። ሦስቱን ድንጋዮች ማኑ ራሱ ከጆርጂያ ተራሮች አመጣቸው። እንዴት እንደመረጣቸው አልጠየቅነውም።

ለባ የተነገራቸው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እሁድ ጠዋት ሁላችንም ቤታቸው ተገናኝተን በመኪና ልንወስዳቸው ተቀጣጥረን ነበር። ዋዜማውን ማኑ መጋዘን መጥቶ በአንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠ።

«አልሄድም አለች» አለን። «እኔ የተሳልኩት እግሬን ነው እንጂ ዓይኔን አይደለም አለችኝ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሄጄ እናቲቱን አላታልላትም አለች።»

ማኑ ለማንኛውም ነገ ኑ፣ እንግዳ ሲመጣ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብሎን ሄደ።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውንና የእኛን ጋቢዎች ሆቴሉ ማሽን ላይ ተኩሰው፣ እንደ ሳንቃ ቀጥ ያለ እጥፋት አውጥተው አቀረቡልን። ወደ ቅዱስ ቦታ ሲኬድ፣ የራስም ባይሆን፣ እንደነገሩ አይኬድም አሉ። ሦስታችን ወንዶች ነጭ ሱሪ በነጭ ሸሚዝ፣ በላዩ ጋቢ። እትዬ ከራስ ጥፍራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ። ሰናይት ብቻ ጂንስና ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ የደም ግፊት መለኪያዋን በቦርሳ ይዛ መጣች።

«ለባ ጤንነት ነው የምመጣው። ለጣዖት አይደለም» አለች ታክሲ ውስጥ ስትገባ።

«ጣዖቱም ስለ አንቺ አልጠየቀም» አላት ተክሌ።

በሩን የከፈተችው ኡሻ ናት። አረንጓዴ ሐር ሳሪ ለብሳ፣ እጇ እስከ ክንዷ በአምባር ተሞልቷል። እኛን ስታይ አምባሩ ሁሉ አንዴ ጮኸ፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ማን ሞተ?» አለች በእንግሊዝኛ። ማኑ እየሮጠ ወጣ። እሱም አየንና ፊቱ ተለወጠ።

በእነሱ ዘንድ ነጭ የሐዘን ልብስ መሆኑን ያወቅነው በዚያች ደቂቃ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዕድሜ ልኳን የምትለብሰው፣ ሬሳ ሲሸኝ የሚለበስ። ልቧ የታመመ እናት ያለችበት ቤት በር ላይ አራት ሆነን መገነዣ ይዘን የመጣን ያህል ነው። እትዬ ዘነበች ሲገባቸው ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ሊያወርዱ ጀመሩ። ጋሽ መርዕድ ጋቢያቸውን ከጀርባቸው ሊደብቁ ሞከሩ። ጋቢ ደግሞ አይደበቅም።

ያን ጊዜ ባ ከውስጥ ወጡ። በነጭ ሳሪያቸው በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ሳቁ። ጥርስ በሌለበት አፋቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። አንድ ነገር አሉና ማኑ ተረጎመልን።

«ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ቤት ነጭ የምለብሰው እኔ ብቻ ነበርኩ ትላለች።»

ባሏ የሞተባት ሴት ገድ የላትም ስለሚባል፣ ሠርግና ልደት ሲሆን ባ ከኋላ እንደሚቆሙ፣ ፊት እንደማይወጡ በኋላ ነው የገባን። ያኔ ያየነው ባ እጃቸውን ዘርግተው የእትዬን ነጠላ ወደ ራሳቸው ላይ ሲመልሱላቸው ነው።

«ለምን ለበሳችሁት ትላለች» አለ ማኑ።

«ወደ ቅዱስ ቦታ መንገድ የሚወጣ ሰው እንዲህ ነው የሚለብሰው በላት» አሉ እትዬ። «እኛ ቁልቢ ስንሄድ እንዲህ ነው።»

«በእግር ወይ ትላለች።»

«በእግር ነዋ! ዳገቱን ድንጋይ በጀርባው አዝሎ የሚወጣም አለ። እኔም አዝያለሁ።»

ተክሌ በእንግሊዝኛ አቀበለው፤ ማኑ ተረጎመ። ባ የላስቲክ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው፣ ጥንድ አድርገው አስቀምጠው፣ በባዶ እግራቸው መኪናው ቆሞ በነበረበት በኩል አልፈው ወደ መንገዱ ወጡ።

«ባ!» አለ ማኑ። «ባ፣ ወዴት ነው?»

በአገጫቸው ቁልቁል ወደ መጋዘኑ አመለከቱ።

ከቤቱ እስከ መጋዘኑ ሁለት ማይል አይሞላም። ግን ታከር ነው፤ ለመኪና የተሠራ ሠፈር ነው፤ የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ከሣሩና ከአስፋልቱ ጠርዝ መካከል አንድ ሰው የሚያስኬድ ስንጥቅ አለ፤ በእሱ ተሰልፈን ሄድን። ወሩ ሚያዝያ ነበር። አትላንታ የኖረ ሰው ሚያዝያን ያውቃል፤ የጥድ ብናኝ ከሰማይ ወርዶ መኪናውን፣ ጣሪያውን፣ ኩሬውን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል። አየሩ ራሱ ቢጫ ነበር። በየግቢው ነጭና ሮዝ ያበቡ ዛፎች አሉ፤ ሰው ግን የለም፤ የሣር ማጨጃ ድምፅ ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይሰማል። ዛሬ ያንን መንገድ በመኪና በአራት ደቂቃ አልፈዋለሁ። ያን ቀን ግን እያንዳንዱን የደብዳቤ ሣጥን አወቅሁት። አንደኛው ላይ ዳክዬ ተስሎ ነበር፤ አንደኛው በመኪና ተገጭቶ በገመድ ታስሯል። ባ በሄዱ ቁጥር የእግራቸው ዱካ በቢጫው ብናኝ ላይ ይቀራል፤ እኔ ከኋላ ስለነበርኩ እሱን ላለመርገጥ ከጎን ከጎኑ ሄድኩ።

ጋሽ መርዕድ ታክሲውን ከፊት፣ አራቱን ፍሬቻ አብርተው፣ በኤሊ ፍጥነት ይነዳሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ሳሳፍር» አሉ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ታክሲ ጠርቶ በእግሩ የሚከተል ሰው ገና ማየቴ ነው።»

«ሜትሩን እንዳያጠፉ፣ ጋሼ» አለ ተክሌ፤ ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ ነበር። «በዚህ አካሄድ ለገና ቤት ይገዛሉ።»

ባ ሲደክማቸው ወንበሩ ይዘረጋል፤ ይቀመጣሉ፤ ሰናይት እጃቸውን ይዛ የልብ ምታቸውን ታዳምጣለች፤ ይነሳሉ። ኡሻ የኮኮነት ፍሬና ቀይ ጨርቅ ያለበት ትሪ ይዛ ትከተላለች፤ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን ቀድሞውኑ አውልቃ በብብቷ ይዛለች። አንዲት አሜሪካዊት የጭነት መኪናዋን አቁማ «ሃኒ፣ ራይድ ትፈልጋላችሁ?» አለች። ባ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው እጅ ነሱ። ሴትዮዋም ግራ ገብቷት፣ ሲጋራዋ በጣቶቿ መካከል እንዳለ፣ መዳፏን ገጥማ መለሰች።

ሀይዌዩ ላይ ስንደርስ ፖሊስ መጣ። ሰማያዊ መብራቱ ሲበራ ሁላችንም ቆምን። ወሬ የማያልቅበት ተክሌ ዲዳ ሆነ። የመጣንበት አገርና የመጣንበት መንገድ ደንብ ልብስ ሲታይ ዝም ማለትን አስተምሮናል። ማኑ እጆቹን እንዲታዩ ዘርግቶ እናቱ ፊት ቆመ። ባ ግን በክንዱ ሥር ሾልከው ወጥተው ፖሊሱን ቀና ብለው አዩት።

«ኃላፊው ማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

እርስ በርስ ተያየን። የመለሰችው ሰናይት ናት። «ወደ ጸሎት ቤታቸው እየሄዱ ነው፣ ሰር። ልጃቸውን ላዳነላቸው በእግራቸው ሊሄዱ ቃል ገብተው ነው።»

«የትኛው ጸሎት ቤት?»

ሰናይት አትዋሽም።

«አዲስ ነው፣ ሰር» አለች። «እኔም ገና አላየሁትም።»

ፖሊሱ የባን እግር አየ። ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። «አያቴ ብትኖር ትወዳችሁ ነበር» አለ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶም መብራቱን ሳያጠፋ ከኋላችን ቀስ እያለ ይከተለን ጀመር። ከፊት ታክሲ፣ ከኋላ ፖሊስ፤ ተክሌ ድምፁ ተመለሰለት፤ «እንዲህ ያለ አጀብ ያለው ሚኒስትር የለም!» አለ።

ማርሚታ ከሚጠግነው ጋራዥ ፊት ለፊት ባ ተቀመጡና መነሳት አቃታቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሰናይት እጃቸውን ይዛ ቆየችና ቀና አለች። «በቃ። አሁን መኪና ውስጥ ይግቡ» አለች፤ ድምፅዋ የሆስፒታል ድምፅ ነው። ማኑ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ለመናቸው። ባ ራሳቸውን ነቅንቀው አንድ ነገር አሉ። መጋዘኑ ይታያል፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ከጥዶቹ በላይ ያብረቀርቃል።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ዛሬ መኪና ውስጥ ከገባሁ እግሬ ሁለተኛ መንገድ አይወጣም አለች» አለ ማኑ። እንባው እየወረደ ነበር። «እውነቷን ነው። አይወጣም።»

እትዬ ዘነበች ባ ፊት ቁጢጥ አሉ። «እኛ አገር ጸበል የሚሄድ በሽተኛ ማን በእግሩ ይሄዳል? በሰው ትከሻ ነው። ጠይቃት እስቲ፤ እነሱ ተራራ ላይ አቅም ያነሰው ሰው እንዴት ይሆናል?»

ማኑ ጠየቀ። ባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አራት ሰው ተሸክሞት ይወጣል፤ ያም መንገድ ነው አለች። ግን እዚህ ተሸካሚ ከየት ይመጣል አለች።»

የታክሲው ሞተር ሲጠፋ ሰማን። ጋሽ መርዕድ ጋራዡ በር ላይ ፓርክ አድርገው ወረዱ፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «እንግዲህ ታክሲ ማለት ይሄኔ ነው» አሉ።

አራታችን የወንበሩን አራት እግሮች ይዘን አነሳን፤ ማኑና ጋሽ መርዕድ ከፊት፣ ተክሌና እኔ ከኋላ። ባ አይከብዱም፤ ከመጋረጃ ጥቅል ያንሳሉ። ወንበሩ ሲወዛወዝ አንድ እጃቸው የተክሌን አፍሮ ጨመደደ። ትንሽ እንደሄድን ባ በዚያ ተራራ ላይ ተጓዦች የሚጠራሩበትን ቃል ጮክ ብለው ጠሩ። ማኑ ተቀበለ። ደግመው ጠሩ፤ ማኑ ተቀበለ። በሦስተኛው ተክሌም ተቀበለ።

«ተክሌ!» አሉ እትዬ።

«እናት ትክበር ማለት እኮ ነው፣ እትዬ። ምን አጠፋሁ?»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ በአማርኛ በል» አሉት።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ባ አውርዱኝ አሉ። እኔ ፓምፑን ለማስነሳት ቀድሜ ሮጥኩ። ሁላችንም ማንም ሳያዘን ጫማችንን አወለቅን። እትዬ ዘነበች ግን ደፉ ላይ ቆሙ። «እኔ ከደጅ ነኝ። የራሴን ጸሎት እዚሁ አደርሳለሁ» አሉ። ባ ምንም አስተርጓሚ ሳይፈልጉ ገባቸው፤ የእትዬን እጅ ጨብጠው ለቀቁና ገቡ።

የዋሻው አፍ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም፤ ከኋላ የሚከተላቸው ሰው ቀጭን መሆን ነበረበት። ማኑ አይገባም፤ ወፍራም ነበር። እኔ ልግባ አልኩ።

«አንተ የልብ ምት ታውቃለህ?» አለችኝ ሰናይት። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ባ በጉልበታቸው፣ ቀጥሎ በደረታቸው ሆነው ገቡ፤ መጨረሻ የታየው ቢጫ የሆነ የእግራቸው ውስጥ ነው። ሰናይት ተከትላ ገባች።

ከገቡ በኋላ ውሃው ብቻ ይሰማ ነበር፤ ቆይቶ ደግሞ የባ ድምፅ። ወጥተው መጀመሪያ ያሉት «አሁን መኪና አምጡ» ነው፤ ሳሪያቸው ረጥቦ፣ ፊታቸው እንደ ታጠበ ሕፃን ሆኖ። የጋሽ መርዕድ ታክሲ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው፣ ያቺን ካሴት እያዳመጡ ወደ ቤት ሄዱ። በዚያው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ አረፉ። ማኑ መጋዘኑን ሸጠ፤ ዋሻውን እኔና ተክሌ በመዶሻ አፈረስነው፤ ሦስቱን ድንጋዮች ማኑ ወሰዳቸው። እትዬ ዘነበችም አርፈዋል።

የጻፍኩት የማስታውሰውን ነው፤ የጎደለውን በሕይወት ያላችሁ አምስታችሁ ሙሉልኝ። ተክሌ፣ ዳክዬ የተሳለበት የደብዳቤ ሣጥን ከሀይዌዩ በፊት ነው በኋላ? ጋሽ መርዕድ፣ ፖሊሱ ሲሰናበተን አንድ ነገር ብሎዎት ነበር፤ ምን ነበር? ኡሻ፣ ኮኮነቱ የት እንደተሰበረ ጠፍቶብኛል። ማኑ፣ ባ ዋሻው ውስጥ ሳሉ ጆሮህን ሲሚንቶው ላይ ለጥፈህ ስታዳምጥ ምን እያሉ ነው ብዬህ ነበር። «ለእናቲቱ መንገዱን እያወራቻት ነው» አልከኝ፤ «ስለ ፖሊሱ፣ ሲጋራ ስለያዘችው ሴትዮ፣ ስለ እናንተ ልብስ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ሲል አንተው ራስህ ከግድግዳው ራቅህ፤ «ይሄኛው እኔ የምሰማው አይደለም» አልክ። ሰናይት፣ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ቋንቋውን እንደማታውቂ አውቃለሁ፤ ምን እንዳሉም አልጠይቅሽም። እጅሽ ግን እጃቸው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ልባቸው እንዴት ይመታ እንደነበር ንገሪኝ።